ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ያልገባው አይደለም

ይህን የምጽፈው በተለይ 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ነው። ወላጅም ቢያነበው ደስ ይለኛል።

የማስተምረው ደብረ ብርሃን፣ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ክፍሌ ውስጥ ከስልሳ የማያንሱ ልጆች አሉ። ለሁለት በተሠራ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። የጠዋቱን ብርድ የደብረ ብርሃን ሰው ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ፔሬድ ላይ እስክሪብቶ መያዝ ራሱ ሥራ ነው። ከከተማው ልጅ ጎን ከገጠር የመጣው ተቀምጧል። የገጠሩ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ቅዳሜ ወደ ቤተሰቦቹ ይሄዳል፤ እሁድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ሚኒስትሪ እስኪፈተን ድረስ እንግሊዝኛ ለሱ ከብዙ ትምህርቶች አንዱ ነበር። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ባዮሎጂውም ታሪኩም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጎ ነበር።

ታዲያ አንድ ጥያቄ ስጠይቅ ስልሳ አንገት ይደፋል። መምህራን ማረፊያ ገብተን ሻይ ስንጠጣ "የዘንድሮዎቹ ባዶ ናቸው" እንባባላለን። አይደሉም። ደብተር ሰብስባችሁ እዩ። ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ያላለው ልጅ ትክክለኛውን መልስ ጽፎት ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ጽፎ ሰርዞታል፤ ከስርዙ ሥር ግን ይነበባል። ልጁ መልሱን ያውቀዋል። የያዘው ሐፍረት ነው። ሐፍረቱን ሳንነካ ሰዋስው ብናዥጎደጉድበት ሰዋስው ያውቃል እንጂ አይናገርም።

ሐፍረቱ ከየት መጣ? ግማሹን ከቤት ይዞት ነው የመጣው። "ጨዋ ልጅ" ብለን የምናሞግሰው ዝም የሚለውን ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት የሚያየውን። "አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል" እየተባለ ያደገ ልጅ ነው እንግዲህ በማያውቀው ቋንቋ አፍህን ክፈት የሚባለው። "ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚል ተረትም አለን፤ ግን ለልጅ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሌላው ግማሽ ክፍል ውስጥ ነው የሚበቅለው። ኬሚስትሪ የተሳሳተ ልጅ "ተሳሳተ" ተብሎ ያበቃል። እንግሊዝኛ የተሳሳተ ግን "ፋራ" ይባላል። ስህተቱ ከትምህርቱ አልፎ ማንነቱ ላይ ይለጠፋል፤ የየት ልጅ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ምን እንዳለው፣ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደተማረ። ስለዚህ ሙድ ይያዝበታል። በተለይ አነጋገር ላይ። "ፒ"ን "ቢ" አድርጎ ያነበበ ልጅ ስሙ ተቀይሮ ዓመቱን ሙሉ በዚያች ቃል ሲጠራ አይቻለሁ።

ስሜትን ማወቅና መግራት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው የሚለው ሐሳብ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ማየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጽፈውበት ነው። እኛ ጋ የስሜት ብልህነት ተብሎ ይጠራል፤ የሆቴል አዳራሽ ሥልጠናዎች ተወዳጅ ርዕስም ሆኗል። እውነቱን ለመናገር ሥልጠናዎቹ ብዙም አይጥሙኝም። "ፈገግ በሉ፣ ቀና አስቡ" ተብሎ ለሻይ ይወጣል። የነዚህ ሰዎች ሐሳብ ግን ከፈገግታ ይልቃል። በኋላ እንዳብራሩት አራት ነገር ነው፤ ስሜትን ከፊት ላይ ማንበብ፣ ስሜትን ለማሰብ መጠቀም፣ ከምን እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ መረዳት፣ ከዚያ መግራት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መግራት መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። እኛ ደግሞ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ "ዝም በል!"፣ "አትሳቅ!"፣ "አትፍሪ!"። "አትፍሪ" ተብላ መፍራት ያቆመች ልጅ እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ለቋንቋ መምህር ከዚህ የሚቀርበው ሌላ ሥራ ነው። ኢሌን ሆርዊትዝ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1986 የውጭ ቋንቋ ክፍል ፍርሃትን የሚለካ መጠይቅ አዘጋጅተዋል። ሠላሳ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ተማሪው እያንዳንዱን አንብቦ ምን ያህል እንደሚስማማ ምልክት ያደርጋል። መምህሩ ሊጠራኝ መሆኑን ሳውቅ እንቀጠቀጣለሁ፣ ስናገር ሌሎቹ ይስቁብኛል ብዬ እፈራለሁ፣ የሚሉ ይገኙበታል። ከነዚህ ጥቂቱን ወደ አማርኛ መልሼ፣ ስም ሳይጻፍበት አስሞላኋቸው። አማርኛ መሆኑ ግድ ነው። እንግሊዝኛ ይፈራል ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ቀልድ ነው። ወረቀቶቹን ማታ ቤቴ ሳገላብጥ፣ ብዙ ምልክት ያረፈው መሳቅ ላይ ነበር። መምህር መፍራት እንኳን ከሱ በኋላ ነው የመጣው። አንድ ልጅ ከጀርባው "የምፈራው ሦስተኛውን ረድፍ ነው" ብሎ ጽፏል። ሦስተኛው ረድፍ እነማን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን።

እናንተም ሞክሩት። ብዙ ወረቀት አይፈጅም፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ጥያቄዎቹን ከመምረጥ በላይ የሚከብደው ውጤቱን ይዞ ዝም ማለት ነው። "ሦስተኛው ረድፍ እንዲህ ተብላችኋል" ብላችሁ ክፍል ውስጥ ካወጣችሁት ነገሩ አበቃ፤ ሁለተኛ ማንም እውነቱን አይጽፍላችሁም።

ሳቁን እንዴት እንደያዝኩት ልንገራችሁ። በመጀመሪያ፣ የሚስቁት ክፉ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ልጅ ጓደኛው ሲሳሳት የሚስቀው ግማሹ "እኔ ባለመሆኔ ተመስገን" ነው። ይህንን ሳውቅ ንዴቴ ቀነሰ። ሲሳቅ አልጮህም። የሳቀውንም አላይም። የተናገረውን ልጅ ብቻ አየዋለሁ፤ የተናገረው ነገር ላይ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ለምሳሌ አንድ ልጅ ስለ በጋ ሥራው ሲናገር "አይ ሴል ፎር ሺፕ" አለ። አራት በግ መሸጡን ሊነግረን ነው፤ ግሱም በጉም ተዛንፈውበታል። በአነጋገሩ በጉ መርከብ እንደሆነበት የገባቸው ሁለት የከተማ ልጆች ሳቃቸውን ለቀቁት። እኔ "አራት! ስንት ስንት ሸጥካቸው?" አልኩት በእንግሊዝኛ። ዋጋውን ነገረኝ። "ማን ነው የሸጠው፣ አንተ ወይስ አባትህ?" ራሱ ነው የሸጠው። ገበያ ላይ ከነጋዴ ጋር እንዴት እንደተከራከረ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አወራን። ክፍሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠው፤ የበግ ዋጋ የማይስበው የሸዋ ልጅ የለማ። ስጠይቀው መልሼ መላልሼ "ሶልድ" እና "ሺፕ"ን አጥብቄ፣ ረዘም አድርጌ በትክክል እላቸው ነበር። በሦስተኛው መልሱ ላይ ራሱ "አይ ሶልድ" አለ። ማንም "ተሳስተሃል" አላለውም።

ይህ የማረም ዘዴ አዲስ ግኝት አይደለም። የቋንቋ መምህራን ሥልጠና ላይ ይነገራል፤ ስህተቱን ሳትጠቁም ትክክለኛውን በወሬ መሐል መልሰህ በል ይላል። የኔ ጭማሪ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ለነገሩ መልስ፣ ከዚያ ለቋንቋው። ልጁ በግ ሸጥኩ ሲላችሁ ስለ በጉ ጠይቁ። ሰው ነው እያወራችሁ ያለው።

ሁሉም ስህተት እንዲህ ይታለፋል ማለቴ አይደለም። ሰዋስውን ጨርሶ ትቶ "ዋናው መግባባት ነው" የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ልጁ ነገ የሚፈተነው ሰዋስው ነው። ሲናገሩ የሰማኋቸውን ስህተቶች በትንሽ ማስታወሻ እይዛለሁ። ፔሬዱ ሊያልቅ ሲል ብላክቦርዱ ላይ እጽፋቸዋለሁ፤ የማን እንደሆኑ ሳልናገር፣ ከሌላ ክፍል የሰማሁትንም ቀላቅዬ። ቾኩን ለነሱ እሰጣለሁ፤ እነሱ ያርማሉ። የራሱን ስህተት ሰሌዳ ላይ ያየ ልጅ ያውቀዋል፤ ሌላው አያውቅበትም። ልጅን ከክፍሉ ፊት አቁሞ ማረም፣ ሰው እያየው ልብሱን እንደማስወለቅ ነው።

ሌላው ነገር መጠበቅ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሳይንስ ክፍሎችን በድምፅ ቀርጻ አጥንታ ነበር። መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ሲደረግ የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ምንም የማይመልሱት ቀነሱ። ይህ እንግዲህ በገዛ ቋንቋቸው ለሚማሩ ልጆች ነው። የኔ ተማሪ መጀመሪያ ጥያቄውን ወደ አማርኛ ይመልሳል። በአማርኛ ያስባል። መልሱን ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጣል። ከዚያ "ይሳቅብኝ ይሆን?" ብሎ ሦስተኛውን ረድፍ ያስባል። ሦስት ሰከንድ ምን ይደርስለታል?

ስጠብቅ ግን ዓይን ዓይኑን አላይም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የፈረንጅ ሥልጠና "ተማሪውን በዓይንህ አበረታታው" ይላል። የኛ ልጅ መምህር ዓይን ዓይኑን ሲያየው ተቆጣኝ ነው የሚለው። እኔ ጥያቄውን ጠይቄ ዞር እላለሁ፤ ሰሌዳ እጠርጋለሁ፣ መስኮት አስተካክላለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ የማገኛቸው መልሶች ፊት ለፊት ቆሜ ከማገኛቸው ይበዛሉ። አንድ በዕድሜ የገፉ ባልደረባዬ "አንቺ ልጅ፣ ለግድግዳ ነው እንዴ የምታስተምሪው?" ብለው ስቀውብኛል። ሥራዬን አይተው ግን በኋላ እሳቸውም ሰሌዳ ማጥፋት አብዝተዋል።

ከመጠየቄ በፊት ደግሞ አጠገባቸው ላለው ልጅ በሹክሹክታ እንዲነግሩት አደርጋለሁ። አንዴ ለአንድ ሰው የተነገረ ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ ሲነገር ይቀላል። ቡድን ላይ ግን ጥርጣሬ አለኝ። አንድ ለአምስት ሲባል የነበረውን ታስታውሳላችሁ። በወረቀት ጥሩ ነበር። ክፍል ውስጥ ሲወርድ ግን አንዱ ጎበዝ ያወራል፣ የቀሩት ከጀርባው ይሸሸጋሉ። ዓይን አፋር ልጅ ለመደበቅ ከቡድን የተሻለ ቦታ አያገኝም። ሁለት ሲሆኑ መደበቂያ የለም፤ ግን ተመልካችም የለም።

አሁን ደግሞ ስለ ክፍል ሰላምታ ላውራ። መምህር ሲገባ ክፍሉ ብድግ ይላል። "ሃው አር ዩ?" ሲባል በአንድ ድምፅ "ዊ አር ፋይን ቲቸር፣ ሃው አር ዩ?" ይላል፤ በዜማ። ሰኞ ጠዋትም ፋይን፣ ሐሙስ ከሰዓትም ፋይን። ያልበላውም ፋይን፣ ትናንት የተጣላውም ፋይን። ዜማውን አልከለከልኳቸውም፤ ይወዱታል። ከሱ በኋላ ግን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጥቂት ቃላት ጻፍኩ፤ የተጨነቀ፣ የራበው፣ የሰለቸው፣ የኮራ፣ የቤተሰብ ናፍቆት የያዘው፣ ግራ የተጋባ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፉት። ስገባ ሁለት ሦስት ልጅ ከዚያ መርጦ ይነግረኛል፤ የማይፈልግ "ፓስ" ይላል። ፓስ የሚባለው የግድ መኖር አለበት። ስሜትህን ንገረኝ ብሎ ማስገደድ ሌላ ምርመራ ነው።

ከቃላቱ መጀመሪያ የተወደደው የናፍቆቱ ነው። "አይ አም ሆምሲክ" ለማለት እጃቸውን የሚያወጡት እነዚያ ዓመቱን ሙሉ እጅ የማያወጡት የገጠር ልጆች ሆኑ። የሚያስቸግረው "የራበው" ነው። ስንቁ እሁድ ይመጣል፤ ሐሙስ ላይ ያልቃል። ሐሙስና ዓርብ ከሰዓት የሚያዛጋውን ልጅ ስንፍና ነው ብለን ስንጽፍበት ነበር የከረምነው። ልጆቹ "አይ አም ሃንግሪ" ሲሉኝ ምን ላድርግ? ስልሳ ልጅ አላበላም። ያደረግኩት ትንሽ ነው። የሆምሩም መምህሩን አነጋገርኩ። ከባዱን ሥራ፣ ድርሰቱንና ንባቡን፣ ወደ ሳምንቱ መጀመሪያ ሳብኩት። ሐሙስ ከሰዓት ጨዋታና ንግግር አደረግኩት። ከመማሪያ መጽሐፉ ውስጥም "ለቁርስ ምን በላህ?" የምትለዋን መልመጃ ዘለልኳት፤ ያለፈውን ጊዜ በሌላ ነገር ማስተማር ይቻላል። ለመስማት ያልተዘጋጃችሁበትን ጥያቄ አትጠይቁ ብዬ የምመክረውም ለዚህ ነው።

የመማሪያ መጽሐፍ ርዕሶች ንጹሕ ይመስላሉ። ቤተሰቤ፣ ቤታችን፣ የበዓል ቀን። ደብረ ብርሃን በጦርነትና በግጭት ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ሰዎች የተጠለሉባት ከተማ ናት። ልጆቻቸው ክፍሌ ውስጥ አሉ።

አንድ ቀን መልመጃው "ቤታችሁን ግለጹ" የሚል ነበር፤ በአሁን ጊዜ ግስ። ጽፈው ሲጨርሱ ከጎናቸው ካለው ጋር ደብተር ተቀያይረው እንዲተራረሙ አደረግኩ። ስዞር አንዲት ልጅ በላጲስ ደብተሯን እየፈተገች ነው። ወረቀቱ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። ዝቅ ብዬ አየሁት። "ቤታችን አራት ክፍል ነበረው፤ ደጁ ላይ ትልቅ ዋርካ ነበር" ብላ ጽፋለች፤ ሁሉንም በኃላፊ ጊዜ። ጓደኛዋ "ነበር"ን ሁሉ እየቆረጠች "ነው" አድርጋላታለች። ለመልመጃው ልክ ናት፤ የታዘዘው የአሁን ጊዜ ነው። ልጅቷም ልክ ናት። ዓረፍተ ነገሮቿ አንድም የሰዋስው ግድፈት የለባቸውም።

በሹክሹክታ "ያንቺ ልክ ነው። በኃላፊ ጊዜ ጻፊው" አልኳት። ቀና ብዬ ለክፍሉ "መልመጃውን ላሻሽለው፤ የምታውቁትን አንድ ቤት ግለጹ፣ አሁን ያለ ቢሆን በአሁን፣ የነበረ ቢሆን በኃላፊ" አልኩ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም። አንዱ የአያቱን ጎጆ ጻፈ፤ ሌላው የፈረሰ ሰፈሩን። እሷ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈች። ጮክ ብላ እንድታነብ አልጠየቅኳትም። ደብተሯን ሳርም ከሥሩ ስለ ዋርካው አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩላት፤ ማን ተክሎት እንደነበር። በሚቀጥለው ቀን መልሱን ከሥሬ ጽፋ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ በደብተር እናወራለን። አፏን ከፈተች ብዬ ግን አልዋሻችሁም፤ ክፍል ውስጥ አሁንም ብዙ አትናገርም።

ስለራሳችንም ልበል። የተማሪውን ስሜት እናንብብ ስንል መምህሩ ምንም የማይሰማው እናደርገዋለን። የኑሮ ውድነቱ እናንተም ጋ አለ። በቀን አምስት ፔሬድ ገብቶ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ስድስተኛው ላይ ለስልሳ ልጅ የሚለሰልስ ሰው ብርቅ ነው። እኔ በሩ ላይ ትንሽ እቆማለሁ። "አሁን የተናደድኩት በማን ነው?" ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከክፍሉ ውጭ ያለ ሰው ነው። ሲብስብኝ ደግሞ ለልጆቹ በእንግሊዝኛ እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ ደክሞኛል፣ በናንተ ግን አይደለም። ይህቺን ሁለተኛዋን አትርሷት። ልጅ የመምህር ፊት ሲጠቁር ምክንያቱ እሱ እንደሆነ ነው የሚያስበው።

አንድ ብዙ የማንናገረው ነገርም አለ፤ እኛም እንግሊዝኛ እንፈራለን። አንዳንዶቻችን ፔሬዱን በሙሉ ሰዋስው በአማርኛ የምናብራራው ሰዋስው ስለምንወድ አይደለም። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ሕግ አያሳፍርም። በየዓመቱ ደግሞ ፊልም እያየ ያደገ፣ አነጋገሩ ከኛ የሚበልጥ ልጅ አይጠፋም። ያንን ልጅ ጠላት አድርጎ የሚይዝ መምህር አውቃለሁ። እኔ ግን እጠይቀዋለሁ፤ "ይህን ቃል አንተ እንዴት ትለዋለህ?" ይላል፤ እደግመዋለሁ፣ አንዳንዴ አይወጣልኝም፣ እስቃለሁ፣ እንቀጥላለን። ክፍሉ ያንን ያያል። መምህሯ ቃል ጠፍቶባት ምንም እንዳልሆነች ያየ ልጅ ከዚህ የሚማረው "አትፍሩ" ከሚለው ንግግሬ ይበልጣል።

"ይህ ሁሉ ለፈተና ምን ይጠቅማል?" የሚል ይኖራል። ልጆቹም ይጠይቃሉ፤ "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" ጥያቄው ተገቢ ነው። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ፈተናው ምርጫ ነው፤ መናገር አይፈተንም። መልሴ አጭር ነው። ያልገባውን ለመጠየቅ የሚያፍር ልጅ ያልገባው ነገር ይከማችበታል። ፊዚክሱም ባዮሎጂውም የሚጠየቀው በዚሁ በሚያፍርበት ቋንቋ ነው። የስሜት ነገር ብቻውን ውጤት ያመጣል ብዬ ግን አልሸጥላችሁም። መጽሐፍ በሌለበት፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ በታጨቀበት፣ የመምህር ለስላሳነት ሁሉን አይሸፍንም።

ደግሞ ለስላሳነት ስል ሥርዓት ይፈታ ማለት አይደለም። በሰው አነጋገር ሙድ የያዘ ልጅ እኔ ጋ ዋጋ ይከፍላል፤ ግን ከክፍል ውጭ፣ ብቻውን። የሦስተኛው ረድፍ አውራ የሆነውን ልጅ አንድ ቀን ለብቻው አስቀርቼ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠየቅኩት። ላብ አጠመቀው። ለካ እሱም ማንበብ ይፈራል፤ ሌላው ላይ የሚስቀው ተራው እንዳይደርሰው ነው። ያንን ለማንም አልተናገርኩም። እሱም ያውቃል እንዳልተናገርኩ። አሁን የንባብ ተራ ሲደርሰው ቀድሞ አንቀጹን አሳየዋለሁ፤ ማታ ተለማምዶት ይመጣል።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ ሁሉንም አንዴ አታምጡት። ከመጠበቁ ጀምሩ፤ ገንዘብም ወረቀትም አይጠይቅም። የመጀመሪያው ሳምንት ዝምታው ያስጨንቃችኋል፤ መልሱን ራሳችሁ ልትናገሩት አፋችሁ ላይ ይመጣል። ዋጡት። የስሜት ቃላቱን ግን አንድ ወር ያህል ከተላመዳችሁ በኋላ አምጧቸው፤ ሳይተማመኑባችሁ ከጠየቃችኋቸው ተመልሶ "ፋይን" ነው።

አንድ የቀረ ነገር የመናገር ማርክ ነው። ከተከታታይ ምዘናው ውስጥ የተወሰነው ለንግግር ነው፤ ማርኩን መሙላት ደግሞ ግዴታዬ ነው። ክፍል ፊት ወጥቶ መናገር የማይችለውን ልጅ ዜሮ ልስጠው? እኔ ሁለት መንገድ ከፍቻለሁ። የፈለገ ፊት ወጥቶ ይናገራል። ያልፈለገ በእረፍት ሰዓት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ አንድ ጓደኛውን ይዞ መጥቶ ይነግረኛል። ጓደኛ ይዞ መምጣቱ የልጆቹ ሐሳብ ነው። ጥያቄው ያው ነው፣ ማርኩም ያው ነው። ጎበዞቹ "ይሄማ አድልዎ ነው" ብለው ነበር፤ እናንተም ጀርባ መምጣት ትችላላችሁ ስላቸው ተዉት። አሁን ያለው ክርክር ሌላ ነው። ሁለት ጓደኛ ይዘን እንምጣ እያሉኝ ነው። አንድ ይበቃል ብያለሁ፤ እነሱ ግን መልእክተኛ መላካቸውን አላቆሙም፤ መልእክተኛውም በእንግሊዝኛ ካልተከራከረ አልሰማውም።